«አቦ» ሲሉኝ በጎሮ

«አቦ!» አለ ሰውዬው ከኋላዬ፣ ጮክ ብሎ።

ጎሮ ገበያ መሐል ነኝ። ጥቁር አዝሙድ በከረጢት ዘርግተው ከሚሸጡ እናት ፊት ቁጢጥ ብዬ፣ ፍሬውን በመዳፌ እያሸሁ አሸታለሁ። ዞር ስል ስንዴ የጫኑ ሁለት አህዮች የሚነዳ ሰው ነው፤ መንገድ ልቀቅልኝ ማለቱ ነው ለካ። ብድግ ብዬ ጥግ ያዝኩለት፣ በእጁ አመስግኖኝ አለፈ። በገበያ ቀን መቶ ጊዜ የሚሆን ነገር ነው። እኔ ግን ያቺን ቃል በዚያ ድምፅ፣ መጨረሻዋን ሳብ አድርጎ የሚጠራ ሰው አባቴ ከሞተ ወዲህ አልሰማሁም ነበር። እናትየው ፊቴን አይተው «ምነው ልጄ፣ ደነገጥክ? አንተ ሰው ማለቱ እኮ ነው» አሉኝ። አማርኛቸው የጎባ አማርኛ ነው፤ ዜማውን ኦሮምኛው ከሥር ሆኖ የሚሰጠው።

አዲስ አበባ ላይ «አቦ» የሠፈር ልጆች ቃል ነው፤ «አቦ ተወኝ»፣ «አቦ ይመችህ» እንባባላለን። ለክርስቲያኑ ደግሞ አቦ ማለት ወር በገባ በአምስተኛው ቀን የሚታሰቡት ጻድቁ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ናቸው፤ የሴት አያቴ ስእለት ሁሉ ለእሳቸው ነበር። ባሌ ላይ ሰው የሚጠራበት ቃል ነው። ለታላቅም ለእኩያም፣ ለአክብሮትም ለቁጣም ይሆናል፤ የሚለየው ድምፁ ነው። ይህችን ቃል አንድ መንግሥት የአንድ ሕዝብ ስም ሊያደርጋት የሞከረበት ዘመን ነበር። ስለዚያ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ወደ ጎሮ የመጣሁት የአያቴ መሬት የነበረበትን አገር ለማየት ነው። ጠዋት ከጎባ ሮቤ 14 ኪሎ ሜትር፣ ከሮቤ ደግሞ ወደ ምሥራቅ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በአባዱላ ሚኒባስ። የሳነቴ አምባ ደመና ለብሶ ከኋላ ይቀራል፤ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ ያለበት ብርዳም አገር ነው። ከሮቤ ሲወጡ የሲናና ስንዴ ይቀበላል። በዓመት ሁለት ጊዜ የሚዘራበት መሬት ነውና አንዱ ማሳ ሲታጨድ ሌላው ሲታረስ ያዩታል። ጎሮ ሲደርሱ ብርዱ ለቀቅ ይላል፤ ገበያው ላይ ከስንዴው ጋር አብሽ፣ ድንብላልና ጥቁር አዝሙድ ይታያል። ከዚያ ወዲያ ወደ ቆላው በወረዱ ቁጥር አገሩ ከአራሹ ወደ ከብትና ግመል አርቢው፣ ከአርሲ ኦሮሞው ወደ ሶማሌው እያለ ይሄዳል። «እያለ ይሄዳል» ያልኩት አውቄ ነው። እዚህ ጋ አለቀ፣ እዚህ ጋ ጀመረ የሚባልበት ድንጋይ የለም።

አባዱላው ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠ ጎልማሳ «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ከአዲስ አበባ ነኝ» አልኩት። ጥያቄው ሌላ፣ መልሴ ሌላ መሆኑን ሁለታችንም አውቀናል። አንገቱን ነቅንቆ ወደ መስኮቱ ዞረ፣ እስከ ጎሮ ሳንነጋገር ሄድን።

እውነተኛው መልስ ረጅም ነው። የወንድ አያቴ የሰላሌ ሰው ነበሩ። አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ፣ ሃይማኖታቸው ኦርቶዶክስ። ወታደር ሆነው ባሌ መጡ፣ ጎባ ቀሩ፣ በጎሮ በኩል ጋሻ መሬት ተሰጣቸው። እዚህ አገር የከበባቸው ገበሬ ኦሮምኛቸውን እየሰማ «አማራ» ይላቸው ነበር። በድሮው ባሌ አነጋገር ክርስቲያን ሁሉ፣ በተለይ ከመንግሥት ጋር የመጣው፣ አማራ ነው። የአገሬው አርሲ ደግሞ ራሱን «ኢስላማ» ይላል። ሃይማኖቱን ሲጠራ ዘሩን፣ ዘሩን ሲጠራ ሃይማኖቱን መጥራቱ ነበር። ባሌን ለረጅም ዓመታት ያጠኑት ኖርዌያዊው ቴርዬ ኦስተቦ እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በዚህ አገር ሃይማኖትንና ጎሣን ለያይቶ አንዱ ምክንያት ሌላው ሰበብ ማለት እንደማይቻል ጽፈዋል። እኔ ያንን በቤታችን አውቀዋለሁ። ኦሮምኛ ተናጋሪው አያቴ ጎባ ላይ አማራ ነበሩ፤ ልጃቸው፣ ማለትም አባቴ፣ አዲስ አበባ ሲገባ በአነጋገሩ «የባሌ ኦሮሞ» ተባለ። እኔ የቀበሌ መታወቂያ ላወጣ ስሄድ «ብሔር» የምትል አጭር መስመር ጠበቀችኝ። ጸሐፊዋ እስክሪብቶ ይዛ አንድ ቃል ትጠብቃለች፣ እኔ አያቴን እያሰብኩ ዝም። መጨረሻ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች። ያላልኩትን።

ገበያውን ጨርሼ ቡና ልጠጣ በገባሁበት ቤት ከአንድ አዛውንት ጋር ተገናኘሁ። የማን ልጅ እንደሆንኩ አጠገቤ ላለው ልጅ ነግሬው ኖሮ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። አስጠሩኝ። አግዳሚው ላይ ቦታ ለቀቁልኝ፣ በኦሮምኛ መረቁ፤ «ኤባ» ሳይባል ነገር አይከፈትም። እኔ የምችለው የአባቴን ኦሮምኛ ነው፣ የጎደለውን አንድ ወጣት ይሞላልኛል።

«አያትህን ልጅ ሆኜ አውቃቸዋለሁ» አሉ። «ክፉ ሰው አልነበሩም። ግን የበሉት የኛን መሬት ነው። አባቴ ያርሳል፣ ሲሶው ጎባ ይሄዳል። በቃላድ ተለክቶ ግብር መጣ ሲባል ደግሞ ሸክሙ ወደኛ ዞረ። ይህን ስነግርህ ልታዝን ትችላለህ፣ ልትቆጣም ትችላለህ። እስክጨርስ ግን አታቋርጠኝ። ከዚያ አንተ ትናገራለህ፣ እኔም አላቋርጥህም።»

ረጅም ተናገሩ። አባታቸው አቤት ለማለት ጎባ ሲሄዱ ችሎቱ በማያውቁት ቋንቋ እንደነበር፣ አስተርጓሚው ያሉትን ሁሉ ያድርስላቸው አያድርስላቸው እንዳላወቁ፣ ተመልሰው መጥተው ለሦስት ቀን እህል አልቀምስ እንዳሉ። ሲያወሩ ከዘራቸውን መሬት ላይ አንድ ቦታ ተክለው አያነሱትም። ሲጨርሱ አነሱትና ወደ እኔ አጋደሉት።

እኔም የቤታችንን ተናገርኩ። በዶምቢር ጊዜ አያቴ ቤት መቃጠሉን፣ የሴት አያቴ አባቴን አዝላ ሌሊቱን በእግሯ ወደ ጎባ መሸሿን፣ ከዚያች ሌሊት በኋላ የጭስ ሽታ ባሸተተች ቁጥር እጇ ይንቀጠቀጥ እንደነበር። መሐል ላይ ወጣቱ አስተርጓሚ «እሱ እኮ የመጣው...» ብሎ ሊገባ ሲል አዛውንቱ እጃቸውን ከፍ አደረጉ፣ ዝም አለ። ስጨርስ «የቀረህ አለ?» አሉኝ። አስቤ «አለ» አልኩ፣ ቀጠልኩ። እንደገና «የቀረህ አለ?» አሉ። ሦስተኛው ላይ የለም አልኩ። ያኔ ወጣቱን «አሁን አንተ» አሉት። እሱም ፊት ለፊት ተናገረኝ። አያቴ ሰላሌ ቢወለዱም የመጡት በማን ጠመንጃ እንደሆነ እንዳልረሳ፣ ኦሮምኛዬም ገና ብዙ እንደሚቀረው። ሁለተኛው ላይ ሁላችንም ሳቅን። በመጀመሪያው ላይ የምመልሰው አልነበረኝም፤ እውነቱን ነው።

ዶምቢር በባሌ ሰው አፍ በባሌ አመፅ ዘመን እጅ የገባው ጠመንጃ ስም ነው፤ ዘመኑም በእሱ ይጠራል። አመፁ በ1955 ዓ.ም. በኤል ከሬ በኩል በሶማሌው ካሂን አብዲ ተጀመረ፤ ብዙም ሳይቆይ ኦሮሞው ዋቆ ጉቱ ቆላውን ይዘው ተነሡ። መሣሪያው የሚመጣው ነጻነቷን ካወጀች ገና ጥቂት ዓመት ከሆናት ከሶማሊያ ነበር። እስከ 1962 ዓ.ም. ቆየ፤ ዋቆ ጉቱ እጃቸውን ሰጥተው ግራዝማች ተባሉ። ምክንያቱ ምን ነበር የሚለው ዛሬም ያከራክራል። መሬትና ግብር ነው የሚል አለ፣ ሃይማኖት ነው የሚል አለ፣ የሞቃዲሾ እጅ ነው የሚል አለ፣ የኦሮሞ ነጻነት መጀመሪያ ነው የሚል አለ። እኔ ከአዛውንቱ አባት የጎባ መንገድ ነው የምጀምረው። ተናግሮ የሚሰማው ያጣ ሰው ሦስት ቀን እህል አልበላም። ከዚያ ዶምቢር የሚያቀብለው ሰው መጣ።

አሁን ወደ ቃሏ ልመለስ። ሶማሌ ጓደኛውን ሲጠራ «ዋርያ» ይላል፣ የባሌ ኦሮሞ «አቦ» ይላል። የታላቋ ሶማሊያ ሐሳብ አራማጆች ይህን ይዘው ሁለቱም ሶማሌ ነው፣ አንዱ ሶማሌ ዋርያ፣ ሌላው ሶማሌ አቦ ነው አሉ። በ1968 ዓ.ም. ገደማ በሶማሊያ ድጋፍ «የሶማሌ አቦ ነጻ አውጪ ግንባር» ሲቋቋም ዋቆ ጉቱ እንደገና ጫካ ነበሩ። እንዲህ ሆኖ የአርሲ፣ የባሌና የሲዳሞ ሙስሊም ኦሮሞ በገዛ ስሙ ሳይሆን ሰው በሚጠራበት ቃል ተጠራ። በ1969 ዓ.ም. ክረምት የሶማሊያ ጦር ድንበር ጥሶ ገባ፣ በ1970 ዓ.ም. ተመለሰ። ከጦርነቱ ማግስት ደርግ የባሌን ገበሬ ከየተበተነበት ሰብስቦ በመንደር አሰፈረው፤ በሌላው አገር መንደር ምሥረታ የሚባለው ነገር ከመስፋፋቱ በፊት ባሌ ቀምሶታል። አንዱ «ሶማሌ ነህ» አለው፣ ሌላው «ከሶማሌ ወግነሃል» ብሎ ጠረጠረው። «አቦ» ባዩን ራሱን ግን የጠየቀ አልነበረም።

ይህን ሳስብ የአባቴ የሒሳብ አስተማሪ ትዝ ይለኛል፤ እኔ አላየሁትም፣ የማውቀው በአባቴ ወሬ ነው። በጃንሆይ ዘመን በየክፍለ ሀገሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ህንዶች ያስተምሩ ነበር። ብዙዎቹ ከኬረላ የመጡ ሲሆኑ ይሄኛው ግን ፑንጃቢ ነው፣ ጥምጥም የማይለየው ሲክ። ጎባ ገበያ ላይ ጥቁር አዝሙድ ሲያይ «ካሎንጂ!» ብሎ እንደ ልጅ ደስ አለው ይለኝ ነበር አባቴ፤ በአገሩ ስሙ ይህ ነው። ተማሪዎቹ ህንዳዊ ነህ ወይስ ፓኪስታናዊ ብለው ሲያስቸግሩት ጠመኔውን አነሣና ሰሌዳው ላይ አንድ ቀጥ ያለ መሥመር አሰመረ። ከመሥመሩ በስተግራ ነጥብ አደረገ፣ የተወለድኩት እዚህ ነው አለ። በስተቀኝ ሌላ ነጥብ፣ እናቴ የምትኖረው እዚህ ነው አለ። ከዚያ ዳስተሩን አንሥቶ መሥመሩን ብቻ አጠፋው፣ ነጥቦቹን ተዋቸው፣ ወደ ሒሳቡ ተመለሰ።

ያንን መሥመር ያሰመሩት እንግሊዛዊው የሕግ ሰው ሲሪል ራድክሊፍ ናቸው። ከዚያ በፊት ህንድን ረግጠው አያውቁም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1947 ደርሰው በአምስት ሳምንት ገደማ ፑንጃብንና ቤንጋልን ለሁለት ከፈሉ፤ ካርታው ለሕዝብ የወጣው ነጻነቱ በታወጀ በሁለተኛው ቀን ነው። ከአሥር ሚሊዮን በላይ ሰው ቤቱን ጥሎ ተሻገረ። አንድ ቋንቋ የሚናገሩ ፑንጃቢዎች ዛሬ ቋንቋቸውን በሁለት የተለያየ ፊደል ይጽፋሉ። ካሎንጂው ግን በሁለቱም በኩል ካሎንጂ ነው።

በኛም በኩል መሥመሩ እንዲሁ ነው የመጣው። እ.ኤ.አ. በ1908 አፄ ምኒልክ ከኢጣልያ ጋር የተፈራረሙት ውል ከዶሎ ወደ ምሥራቅ የሚሄደውን ወሰን ሲያስቀምጥ መሬቱን ብቻ ሳይሆን ጎሣውንም ከፈለ፤ ራሀንዌን ወደ ኢጣልያ፣ ዲጎዲያ ወደ ኢትዮጵያ ተባለ። ዝናብ ተከትሎ የሚሄድ አርብቶ አደር በወረቀት ላይ ቆሞ እንዲጠብቅ ታሰበ። ዘጠና ስድስት ዓመት ቆይቶ፣ በጥቅምት 1997 ዓ.ም.፣ በኦሮሚያና በሶማሌ ክልል መካከል በሚያወዛግቡ ከ400 በላይ ቀበሌዎች ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ አብዛኛው ቀበሌ ወደ ኦሮሚያ ሄደ። ሕዝቡ ራሱ መጠየቁን አልንቅም። የአዛውንቱ አባት ያንን እንኳ አላገኙም። ነገር ግን በቤቱ ሁለቱንም ቋንቋ የሚናገር፣ ሚስቱ ከዚያ እሱ ከዚህ የሆነ ሰው ፊት የቀረበለት ወረቀት የኔን የመታወቂያ መስመር ይመስለኛል። አንድ ምልክት፣ አንድ ቃል፣ ቀጣይ። ከዓመታት በኋላ በ2009 እና በ2010 ዓ.ም. በዚያው ወሰን በተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከሁለቱም ወገን ተፈናቀለ። ጎረቤቱን ሸሽቶ ያልሄደ፣ ነገር ግን በጎረቤቱ ስም የተባረረ ስንት ነው?

የሚያስቆጨኝ ሰውን ሰምቶ ለመስማማት ሥርዓቱ በአገሩ መኖሩ ነው። የሲኮና የመንዶ፣ ማለትም የሁለቱ የአርሲ ወገኖች፣ ጨፌ የተባለው ጉባኤ የሚቀመጥበት ኦዳ ሮባ ያለው ባሌ ነው። በጨፌ ነገር የሚያልቀው ድምፅ ተቆጥሮ ሳይሆን ተነጋግሮ እስኪስማሙ ነው፤ ስለዚህ ይረዝማል፣ ስለዚህም የተሸነፈ ሰው ቂም ይዞ አይሄድም። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ሞጋሳ የሚባለው ሥርዓት ደግሞ ባዕድ የነበረን ሰው፣ አንዳንዴም ሙሉ ጎሣን፣ በጉባኤ ስም ሰጥቶ ወገን ያደርጋል። ዛሬ አርሲ ከሚባሉት ጎሣዎች ውስጥ ብዙዎቹ ጥንት ሐድያ እንደነበሩ ራሳቸው ይናገራሉ፣ አይደብቁትም። ጉዲፈቻ የሚለውን ቃል አማርኛው ራሱ ከኦሮምኛ ወስዶ በሕግ መጽሐፋችን አስገብቶታል። ሴቶቹም ሲንቄ አላቸው፤ ያገባች የአርሲ ሴት የምትይዛት ቀጭን በትር። ሁለት ወገን ሊጋደል ሲል ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው መሐል ከቆሙ ያንን መሥመር የሚሻገር ወንድ የለም። ከድንበር ሁሉ የማከብረው ይህን ነው።

ከጎሮ ወደ ምሥራቅ ሲቀጥሉ ወይብ ወንዝ ተራራ ሥር ይገባል፤ 15 ኪሎ ሜትር ርዝማኔ ያለው የሶፍ ዑመር ዋሻ ነው። ከዚያ ወዲያ የዝየራው ቦታ ድሬ ሼክ ሁሴን አለ። በዝየራ ጊዜ ጫፉ ባላ የሆነ በትር የያዘው ሰው ከአርሲም፣ ከሐረርጌም፣ ከሶማሌም በዚህ መንገድ ያልፋል። የመጣበት ጎሣ በመንገድ ላይ ይጠየቃል፤ ጠያቂው የሚፈልገው ግን የት እንደሚያድርና ማን እንደሚያበላው ለማወቅ ነው። «ጎሣህ ምንድነው» የሚለው ጥያቄ ከመታወቂያው መስመር በፊት ለእንግዳ ማደሪያ መፈለጊያ ነበር ብሎ የነገረኝ ያ ፊት ለፊት የተናገረኝ ወጣት ነው።

የአያቴ መሬት ስንዴ ቆሞበት አየሁት። በየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ለአራሹ ከተመለሰ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል፤ የአዛውንቱ የልጅ ልጆች ያርሱታል። አንድ ዘለላ ቀጥፈው እጄ ላይ አደረጉልኝ። በእጄ ይዤው ወደ መኪናው ሄድኩ።

ማታ ወደ ሮቤ የሚመለሰው አባዱላ ውስጥ የጥቁር አዝሙዷ እናት ከጎኔ ተቀመጡ፤ ያልተሸጠው ከረጢት በእግራችን መሐል ነው፣ መኪናው በነቀነቀ ቁጥር ሽታው ይነሣል። «የማን ልጅ ነህ?» አሉኝ። ከሰላሌ ጀመርኩ። አያቴን፣ ጎባን፣ የተቃጠለውን ቤት፣ የተወሰደውን ሲሶ፣ ዛሬ ያገኘሁትን አዛውንት። እሳቸው በየመሐሉ ያቃኑኛል፣ ያ ሰፈር ያኔ እንዲህ ነበር የሚባለው፣ ያቺ ሴት የእገሌ እህት ናት ይሉኛል። የሳቸውም ነገር ገባበት፤ እናታቸው ከቆላ በጋብቻ የመጡ ሶማሌ ናቸው፣ «እሷ ዋርያ ትላለች፣ አባቴ አቦ ይላል፣ እኛ ልጆቹ በሁለቱም እንመጣለን» አሉ።

ሮቤ መናኸሪያ ስንደርስ የእናቴን ወገን ገና አልጀመርኩትም። እሳቸው ረዳቱን ጠርተው ከረጢቱን አስወረዱ። «ጎባ አይደል የምታድረው?» አሉኝ። አዎን አልኩ። ቀድመው ወደ ጎባው መኪና ገቡና በመስኮቱ በኩል አጠገባቸው ያለውን ቦታ በእጃቸው መታ መታ አደረጉልኝ።